አልጠፋም ያለ ኮምፒውተር

የቀኑ ሥራ አልቋል። ፋይሎቹ ተቀምጠዋል፣ «ሻት ዳውን» ተጭኗል፣ ስክሪኑም ጨልሟል። ቦርሳዎን አንስተው በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ከጠረጴዛው ሥር የፋን ድምፅ ይሰማል። ኮምፒውተሩ ማንም ሳይነካው ተነስቷል። ተመልሰው ያጠፉታል፤ ጥቂት ሰከንድ ይቆይና እንደገና ይበራል።

እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ቫይረስ ነው፤ ቀጥሎ የመብራት መዋዠቅ። አንዳንዴ ግን ጥፋቱ ማሽኑ ከተሠራ ጀምሮ ሃርድዌሩ ውስጥ የነበረ ነው። ያንን ጥፋት በሶፍትዌር የሚሸፍኑ፣ ስማቸውን የማናውቅ ሰዎች አሉ። የሚሠሩት ሥራ ዝምተኛ ቢሆንም በጣም የምወደው ነውና ላስተዋውቅዎ።

ድሮ ማጥፋት ቀላል ነበር። ማብሪያ ማጥፊያው የተቀመጠው ከግድግዳ በሚመጣው ኤሌክትሪክ ላይ ስለሆነ፣ ቀጭ ሲያደርጉት ሁሉ ነገር ይቋረጣል። በዊንዶውስ 95 የሠራ ሰው፣ በጥቁር መደብ ላይ በብርቱካናማ ፊደል «አሁን ኮምፒውተርዎን ያለ ስጋት ማጥፋት ይችላሉ» የሚለውን መልእክት ያስታውሳል። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ድርሻውን ጨርሶ ቀሪውን ለሰው እጅ ይተወው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1995 ኢንቴል ያወጣው ኤቲኤክስ የተባለው ስታንዳርድ ይህን ለወጠው። ጥገና ቤት ቆሞ፣ ባለሙያው የፓወር ሰፕላዩን አረንጓዴ ገመድ ከጥቁሩ ጋር በቁራጭ ሽቦ ሲያገናኝና ፋኑ ሲነሳ ያየ ሰው ምሥጢሩን አይቷል ማለት ነው። አረንጓዴው የትእዛዝ ገመድ ነው። ማዘርቦርዱ ከግራውንድ ጋር ሲያገናኘው ኃይል ይመጣል፣ ሲለቀው ይቋረጣል። ሐምራዊው ገመድ ደግሞ ሶኬቱ እስካልተነቀለ ድረስ 5 ቮልት ይዞ ያድራል። ስለዚህ ጠፋ የምንለው ኮምፒውተር አንድ ዓይኑን ገልጦ የተኛ ነው። የማስነሻው ቁልፍ ሲነካ፣ ኪቦርዱ ሲነካ፣ በኔትወርክ ገመዱ በኩል ጥሪ ሲመጣ ለመንቃት የሚጠብቅ ክፍል ውስጡ አለ። በዲሴምበር 1996 ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ ኤሲፒአይ የተባለውን ስምምነት ሲያወጡ ደግሞ ያንን አረንጓዴ ገመድ የማስለቀቅ ሥልጣን ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ተሰጠ።

ሥልጣኑ ሥራ ይዞ መጣ። ሊነክስ የተባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም እንደ ምሳሌ ልውሰድ፤ የከርነሉ፣ ማለትም የእምብርቱ፣ ኮድ ለማንም ክፍት ስለሆነ እያንዳንዱን እርምጃ ገብቶ ማንበብ ይቻላል። የማጥፋት ትእዛዝ ሲመጣ በመጀመሪያ የሚሠሩት ፕሮግራሞች ሁሉ ጨርሱ ይባላሉ። ብዙ የሊነክስ ዓይነቶች በሚጠቀሙበት፣ ሲስተምዲ በተባለው አስተዳዳሪ ፕሮግራም ላይ የተለመደው የትዕግሥት ጊዜ 90 ሰከንድ ነው፤ ከዚያ በላይ የቆየ ፕሮግራም በግድ ይቆማል። ሜሞሪ ላይ ብቻ ያለው ጽሑፍ ወደ ዲስክ ይወርዳል፣ ፋይል ሲስተሞቹም ይዘጋሉ። መብራት በድንገት ሲሄድ የምናጣው ይህንን ሁሉ ነው። ቀጥሎ ከርነሉ ይጠራል፤ እሱም ሁለት ምሥጢራዊ ቁጥሮች ካልተነገሩት አይታዘዝም። በስህተት የተላከ ጥሪ ማሽኑን እንዳያጠፋ የተበጀ ጥንቃቄ ነው። ሁለተኛው ቁጥር በአሥራ ስድስት ቤት ሲጻፍ 28121969 ነው፤ ሊነክስን የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የተወለደበት ቀን።

የመጨረሻው እርምጃ በጣም አጭር ነው። ከርነሉ የማሽኑ አምራች የጻፈውን የዝግጅት ፕሮግራም ያስኬድና፣ አንድ ሬጅስተር ላይ «ሙሉ በሙሉ ጥፋ» የሚለውን ኮድ ጽፎ አንዲት ቢት ከ0 ወደ 1 ይለውጣል። የማዘርቦርዱ ቺፕ ይህን ሲያይ አረንጓዴውን ገመድ ይለቃል። ከዚያ በኋላ የሚሠራ ኮድ የለም። ችግር ቢፈጠር የሚመዘግብ፣ ስክሪን ላይ የሚጽፍ፣ ደግሞ የሚሞክር አካልም አይኖርም። የዚህ ሥራ ክብደት እዚህ ላይ ነው፤ ስህተቱ የሚታየው ምስክሩ ሁሉ ከሄደ በኋላ ነው።

በከርነል ጸሐፊዎች ዘንድ እንዲህ ያለ የሃርድዌር ጉድለት «ክዊርክ» ይባላል። አማርኛው አመል ቢሆን ደስ ይለኛል። አመል ያወጣል ከመሀል ይባላል፤ እዚህ ግን አመለኛው ማሽን ከመሀል አይወጣም። አመሉ ይጠናል፣ ይመዘገባል፣ እንደ አመሉ ይያዛል።

መግቢያው ላይ ያነሳሁት አመል በከርነሉ ውስጥ በስም ተጽፎ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2012 ኢንቴል ፓንተር ፖይንት በተባለው ቺፕሴቱ ላይ ዩኤስቢ 3ን ለመጀመሪያ ጊዜ አካቶ አወጣ። የዩኤስቢ ቀዳዳዎቹ ሁለት አለቃ ነበራቸው፤ አንደኛው ነባሩ የዩኤስቢ 2 መቆጣጠሪያ፣ ሌላው አዲሱ። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሲነሳ ቀዳዳዎቹን ከነባሩ ተቀብሎ ለአዲሱ ያስረክባል። ታዲያ ዲኤች77ኢቢ እና ዲኤች77ዲኤፍ የተባሉት የኢንቴል ማዘርቦርዶች ከጠፉ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ተመልሰው ይበሩ ነበር። መድኃኒቱ ቀላል ሆኖ ተገኘ፦ ከመጥፋቱ በፊት ቀዳዳዎቹን ለነባሩ መቆጣጠሪያ መመለስ።

ይህ መድኃኒት ለማን መሰጠት እንዳለበት መወሰኑ ግን ከበድ ይላል። እያንዳንዱ ኮምፒውተር የአምራቹንና የሞዴሉን ስም የያዘ ዲኤምአይ የሚባል መታወቂያ አለው፤ ከርነሉም ብዙ ጊዜ አመለኛውን የሚለየው በዚህ ነው። እነዚህን ቦርዶች ገዝተው በራሳቸው ስም የሚሸጡ ድርጅቶች ግን ስሙን ይቀይሩታል። ስለዚህ መታወቂያ ማየት ዋጋ የለውም። የተወሰደው ውሳኔ ቺፕሴቱን በሙሉ እንደ አመለኛ ቆጥሮ ሁሉንም በአንድ ዓይነት መያዝ ነበር። ጤነኛውም ማሽን መድኃኒቱን ይወስዳል፤ ስለማይጎዳው። ውሳኔው ትክክል ይመስለኛል። ማሽን ሁሉ በስሙ ተለይቶ መታየት እንዳለበት ብቻ ታስቦ ቢሆን ኖሮ፣ ስሙ የተቀየረ ቦርድ የያዘ ሰው ያለ መፍትሔ ይቀር ነበር።

ሌላው የሚያስገርመኝ አመል የሃርድ ዲስክ ነው። በሚሽከረከር ዲስክ ላይ አንባቢው ጫፍ ከሳህኑ በላይ በቀጭን አየር ተንሳፍፎ ይሠራል። ኃይል ከመቋረጡ በፊት ወደ ማረፊያው መመለስ አለበት፤ ድንገት ከተቋረጠ ዲስኩ በሳህኑ የቀረ ዙር ኤሌክትሪክ አመንጭቶ ጫፉን በጥድፊያ ይስበዋል፣ ይህም በተደጋጋሚ ሲሆን ያደክመዋል። ስለዚህ ሊነክስ ከማጥፋቱ በፊት ዲስኩን በሥርዓት «ቁም» ይለዋል። እንደ ኤችፒ ኮምፓክ 6720ኤስ ባሉ አንዳንድ ላፕቶፖች ላይ ግን ባዮሱም፣ ማለትም አምራቹ ማሽኑ ውስጥ ያስቀመጠው ማስነሻ ፕሮግራም፣ ይህንኑ ትእዛዝ በራሱ ጊዜ ይሰጥ ነበር። ጆሮ ሰጥቶ ያዳመጠ ሰው ይሰማዋል፦ ዲስኩ ዙሩን ቀንሶ ይቆማል፣ ጸጥ ይላል፣ ከዚያ ሁለተኛውን ትእዛዝ ለመቀበል እንደገና መሽከርከር ይጀምራል፣ ወዲያውም ደግሞ ይቆማል። ለደህንነቱ የታሰበው ጥንቃቄ ድርብ ድካም ሆነበት። መፍትሔው የእነዚህን ሞዴሎች ስም ይዞ፣ እነሱ ዘንድ ሲደርስ ሊነክስ ራሱ ዝም እንዲል ማድረግ ነበር። ትክክለኛውን ሥራ አለመሥራት ትክክል የሚሆንበት ቦታ መኖሩን ለማወቅ ሰው ዲስኩን ማዳመጥ ነበረበት።

ሪስታርት ማድረግም የማጥፋት ወንድም ነው፤ አመሉ እንዲያውም ይበዛል። ምክንያቱ ታሪኩ ነው። እ.ኤ.አ. የ1984ቱ የአይቢኤም ፒሲ ኤቲ ፕሮሰሰር፣ 80286፣ ፕሮቴክትድ ሞድ ወደተባለው አሠራር አንዴ ከገባ ሪሴት ካልተደረገ ወደ ቀድሞው አይመለስም ነበር። መሐንዲሶቹ የኪቦርድ መቆጣጠሪያው ላይ ትርፍ እግር አግኝተው ከፕሮሰሰሩ የሪሴት መስመር ጋር አገናኙት። እስከ ዛሬ ድረስ ወደ 100ኛው ፖርት 254 ቁጥርን መላክ ኮምፒውተርን እንደገና ማስነሻ አንዱ መንገድ ነው፤ በኪቦርዱ በር ዞሮ መግባት እንደማለት። ሊነክስ ዊንዶውስ የሚከተለውን ቅደም ተከተል አጥንቶ እሱኑ ይከተላል፦ መጀመሪያ የኤሲፒአይን ሬጅስተር ይሞክራል፤ ማሽኑ ካልተነሳ የኪቦርዱን፤ ካልሆነ ሁለቱንም እንደገና፤ ከዚያ የፈርምዌሩን መንገድ። ዊንዶውስን መከተሉ ተገቢ ነው፤ አምራቾች ማሽናቸውን የሚፈትሹት በእሱ ስለሆነ፣ ከስምምነቱ ጽሑፍ ይልቅ የሚታመነው እሱ የረገጠው መንገድ ነው። የመጨረሻው አማራጭ ደግሞ ጨከን ያለ ነው፦ ፕሮሰሰሩ ስህተት ሲገጥመው የሚያይበትን ሰንጠረዥ ባዶ አድርጎ ሆን ብሎ ስህተት መፍጠር። ስህተቱን ማስተናገድ ሲያቅተው ሁለተኛ ስህተት ይሆናል፣ ያንንም ሲያቅተው ሦስተኛ፤ በሦስተኛው ፕሮሰሰሩ እጁን ይሰጣል፣ ማዘርቦርዱም ሪሴት ያደርገዋል።

በዚህ ቅደም ተከተል አልታዘዝ ያሉት በአንድ ሰንጠረዥ ተዘርዝረዋል። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 745 አለ፣ ዴል ላቲቲዩድ ኢ6420 አለ፣ ዴል ፓወርኤጅ 1300 አለ፣ የአፕል ማክቡክ ፕሮ 5 አለ። በየስማቸው ፊት በየትኛው መንገድ እንደሚነሱ ተጽፏል። ያ ስም እዚያ የገባው አንድ ሰው፣ ቤቱ ወይም ቢሮው፣ ማሽኑ አልታዘዝ ሲለው መንገዶቹን አንድ በአንድ ሞክሮ የሠራውን ስለተናገረ ነው።

እርስዎም ኮምፒውተርዎ አልጠፋም ወይም አልነሳም ቢልዎ መሞከር የሚችሉት ነገር አለ። መጀመሪያ ከዩኤስቢ ቀዳዳዎቹ ላይ ያለውን ሁሉ ነቅለው ያጥፉት፤ በደህና ከጠፋ አንዱን በአንዱ እየሰኩ ቀስቃሹን ይለዩ። ባዮስ ውስጥ በኔትወርክ፣ በኪቦርድ ወይም በዩኤስቢ መንቃትን የሚፈቅዱትን ምርጫዎች ይዝጉ፤ አምራቹ ያወጣው አዲስ ባዮስ ካለም ይጫኑ። በሊነክስ፣ ሪስታርቱ እምቢ ካለ፣ በማስነሻው መስመር ላይ «ሪቡት» የሚለውን ቃል ከመንገዱ መለያ ፊደል ጋር መጻፍ ይቻላል። በዊንዶውስ 8 እና ከዚያ ወዲህ ባሉት «ፋስት ስታርትአፕ» በርቶ ከሆነ ሻት ዳውን ከርነሉን ሙሉ በሙሉ አይዘጋውም፤ ዲስክ ላይ አስቀምጦት ያድራል። ንጹህ መነሻ ሲፈልጉ ሪስታርት ይሻላል። ሁሉም እምቢ ካለ ማስነሻውን ቁልፍ ከ4 ሰከንድ በላይ ተጭነው ይያዙ፤ ይህ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ሳይጠይቅ የሚያጠፋ የሃርድዌሩ የራሱ መንገድ ነው፤ ያልተቀመጠ ጽሑፍ ግን አብሮ ይሄዳል።

ዲኤች77ኢቢ ዛሬ አሮጌ ቦርድ ነው። ስሙ ግን ከነምክንያቱ በከርነሉ ኮድ ውስጥ ተጽፎ አለ፣ ሕክምናውም ይሠራል። ከዚያ ቺፕሴት ቤተሰብ የሆነ ኮምፒውተር በሊነክስ ሲጠፋ፣ ስክሪኑ ከመጨለሙ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ባለቤቱ ሳያውቅ የዩኤስቢ ቀዳዳዎቹ ለቀድሞ አለቃቸው ይመለሳሉ። ከዚያ አረንጓዴው ገመድ ይለቀቃል፣ ፋኑም ቀስ ብሎ ይቆማል።