የፀሐይ መከላከያ ቅባት፤ ቅንጦት ነው ወይስ መድኃኒት?

ፀሐይ የሕይወት ሁሉ አለኝታ መሆንዋን የማያውቅ የለም። ይሁን እንጂ እህል የምታበስለው ፀሐይ ቆዳንም የምታቃጥል ናት። ሰው ጥቅሟን ሳይተው ከጕዳቷ ይድን ዘንድ ጠበብት ብዙ ደክመዋል፤ ከድካማቸውም ፍሬ አንዱ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ነው። በአገራችን ብዙ ሰው ይህን ቅባት የባለጸጎች መኳኳያ አድርጎ ይቈጥረዋል። ይህ አስተያየት ትክክል ነውን? ዛሬ ይህንኑ ለመመርመር አስበናል።

ለምሳሌ ያህል ላንቴን እንውሰድ። ላንቴ ከአርባ ምንጭ ከተማ በስተ ሰሜን በአባያ ሐይቅ አጠገብ የምትገኝ የሙዝ አገር ናት። ከምድር ወገብ 6 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለምትርቅ፣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ይኸውም በመጋቢት መጨረሻና በጳጉሜን፣ በቀትር ከአናት በላይ ልክ ትቆማለች። በዚያች ሰዓት የቆመ ሰው ጥላው ከእግሩ ሥር ነው። የአገሩም ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,100 ሜትር የሚበልጥ ሲሆን፣ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቍጥር አልትራቫዮሌት የተባለው የማይታይ ጨረር ከመቶ 10 እጅ ያህል እንደሚበረታ ታውቋል። በሙዝ ተክል ውስጥ ያለውን ሰው ቅጠሉ ያጠላለታል፤ ሙዙን ወደ መኪና የሚጭነውን ወጣት ግን የሚያጠላለት የለም።

እርግጥ ነው፤ ለጥቁር ሰው ሜላኒን የሚባል ቀለም በቆዳው ውስጥ ተሰጥቶታል። ይህ ቀለም ጨረሩን ስለሚውጥለት ከፀሐይ የሚመጣ የቆዳ ነቀርሳ ወይም ካንሰር በጥቁር ሰው ላይ እምብዛም አይታይም። እንዲያውም ሜላኖማ የተባለው ክፉ ነቀርሳ በጥቁር ሰው ላይ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ ፀሐይ በማያገኘው በውስጥ እግር ላይ ነው። ስለዚህ ጥቁር ሰው ሁሉ ነቀርሳን ፈርቶ ቅባት ይግዛ ማለታችን አይደለም።

ቅባቱ የሚሠራው እንዴት ነው? በውስጡ ጨረር የሚውጡ ንጥረ ነገሮች አሉበት። ከነዚህም ዚንክ ኦክሳይድና ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የተባሉት ነጫጭ ዱቄቶች ዋናዎቹ ናቸው። ቀድሞ እነዚህ ዱቄቶች ጨረሩን እንደ መስተዋት ይመልሱታል ተብሎ ይታመን ነበር። የቅርብ ጊዜ ምርመራ ግን አብዛኛውን እንደሚውጡትና የሚመልሱት ጥቂቱን ብቻ መሆኑን ገልጿል። የቅባቱ ኀይል በቍጥር ይለካል፤ በደንብ ከተቀቡት ቍጥር 30 ቆዳን ከሚያቀላው ጨረር ከመቶ 97፣ ቍጥር 50 ደግሞ 98 እጁን ያግዳል። እንግዲህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ሲሆን፣ ትልቁ ቁም ነገር አብዝቶ መቀባትና በየሁለት ሰዓቱ መድገም ነው።

ነገር ግን ይህ ቅባት ለረጅም ዘመን የተሠራው ለነጭ ሰው ቆዳ ነበር። በጥቁር ፊት ላይ ሲቀቡት አመድ የነሰነሱበት ይመስላል። በ2010 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ በዲትሮይት የሄንሪ ፎርድ ሆስፒታል ሐኪሞች ያሳተሙት ጥናት ደግሞ ሌላ ጕድለት አሳየ፤ በዓይን የሚታየው ብርሃን ራሱ ጠቈር ያለ ቆዳን ለብዙ ጊዜ እንደሚያጠቍር፣ በነጭ ቆዳ ላይ ግን ይህን እንደማያደርግ ተረዱ። ብዙ እናቶችን የሚያስጨንቀው ማድያት የሚባባሰው በዚህም ጭምር ነው። ተራው ቅባት የሚታየውን ብርሃን አያግድም።

ታዲያ መፍትሔው ምን ሆነ? የብረት ዝገት ሆነ! ዝገት፣ በኬሚስትሪ ቋንቋ የብረት ኦክሳይድ፣ የጋሞን ደጋ አፈር የሚያቀላው ነው። ይህን ቀይና ቢጫ ዱቄት ቢጨምሩበት ቅባቱ የሚታየውን ብርሃን ይቀንሳል፤ የቆዳን መልክ ስለሚይዝም አመድነቱ ይጠፋል። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ የሜክሲኮ ጥናት ይህ ቅባት ከተራው ይልቅ ለማድያት ሕክምና እንደሚረዳ አሳይቷል። በናሚቢያ የሂምባ ሴቶች ገላቸውን የሚቀቡት ቀይ አፈርም በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣ ምርመራ ፀሐይን የመከላከል ኀይል እንዳለው ተረጋግጧል። በአገራችንም የሐመር ሴቶች ጠጕራቸውን በቅቤና በቀይ አፈር እንደሚለውሱ ይታወቃል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ መልክ ነው። ከዚህ የሚከተለው ግን ስለ ነፍስ ነው። ከጥቁር ወላጆች ያለ ሜላኒን የሚወለዱ ወገኖች አሉን፤ ሁኔታቸው አልቢኒዝም ይባላል። ይህ ለምጽ አይደለም፤ እርግማንም አይደለም፤ ከእናትና ከአባት የሚወረስ የተፈጥሮ ነገር ነው። ለእነዚህ ወገኖች የቀትር ፀሐይ እሳት ናት፤ በአፍሪካ ብዙዎቹ በወጣትነታቸው የቆዳ ነቀርሳ ይይዛቸዋል። ነቀርሳው ግን ሊቀነስ የሚችል ነው። በአውስትራሊያ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ1,621 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ቅባቱን በየቀኑ የተቀቡት ሰዎች ዋነኛው የአልቢኒዝም ጠላት የሆነው የነቀርሳ ዓይነት ከመቶ 40 እጅ ያህል ቀንሶላቸዋል።

ታንዛንያ ይህን ተረድታ፣ በሞሺ ከተማ በሚገኘው የቆዳ ሐኪሞች ማሠልጠኛ ለአልቢኒዝም ወገኖች የሚታደል ቅባት እዚያው ታመርታለች። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2017 ዓ.ም. የፀሐይ መከላከያ ቅባትን ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አግብቶታል። እንግዲህ በርእሳችን ላነሣነው ጥያቄ መልሱ ተገኘ ማለት ነው፤ ለአንዱ ቅንጦት የሆነው ለሌላው መድኃኒት ነው።

አዲስ አበባ ተወልዶ በአሜሪካ ያደገው ሔማን በቀለ የቆዳ ነቀርሳን ለማከም የሚረዳ ሳሙና አሰበ፤ በዚህም በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣት ሳይንቲስቶች ውድድር አሸናፊ ሆነ። ሳሙናው ገና በምርመራ ላይ ነው። ሐሳቡ የመነጨው ግን በልጅነቱ በአገሩ በፀሐይ ሲሠሩ ካያቸው ሰዎች እንደ ሆነ ተናግሯል።

ተማሪ ሆይ፤ ኬሚስትሪ በመጽሐፍ ብቻ የሚቀር ትምህርት አይደለም፤ ዚንክና ዝገት የሰው ነፍስ ያድናሉ። አንተም ወጣት ሹም፤ አንዲት እናት ለልጅዋ ቅባት ብትጠይቅ የሽቶ ጥያቄ መስሎህ ወረቀቷን አትመልስ። ቅባቱ እስኪገኝም ድረስ ሰፊ ባርኔጣ፣ እጅጌው የረዘመ ልብስ፣ በክፍል ውስጥ ከመስኮት ራቅ ያለ መቀመጫ፣ የቀትሩን ስፖርት ወደ ጧት ማዛወር ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። ፀሐይን ማጥፋት አይቻልም፤ ጥላ ማበጀት ግን የሰው ድርሻ ነው።