ስሕተት የሚለቅሙ አንባብያን

በፈረንጆች አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. በወጣው በአራተኛው የሃሪ ፖተር መጽሐፍ፣ የክፉው ጠንቋይ የቮልደሞርት በትር የገደለቻቸውን ሰዎች ጥላ ከመጨረሻው ጀምራ ወደ ኋላ ትተፋለች። የሃሪ እናት የሞተችው ከአባቱ በኋላ ስለ ሆነ ቀድማ መውጣት ነበረባት፤ በመጀመሪያው ኅትመት ግን አባት ቀደመ። አንባብያን ያዙት፤ በኋላ ታረመ።

ይህን የሥራ ፈት ለቀማ የሚሉት አሉ። ነገር ግን በምትሃት ዓለም ሕግ አውጪው ደራሲው ነው፤ ሕጉን ቢያፈርስ ካመነው አንባቢ በቀር ማን ይከሰዋል?

ቶልኪን ብልጥ ነበር። «ሆቢት» በ1937 ሲታተም ጎለም በእንቆቅልሽ ቢረታ ቀለበቱን ሊሰጥ ተስማምቶ ነበር። በቀጣዩ ታሪክ ግን ያው ቀለበት ባለቤቱ የማይለቀው ክፉ ነገር ሆነ። ደራሲው በ1951 ምዕራፉን ለወጠና የቀድሞውን ትረካ «ቢልቦ ቀለበቱን የግሉ ለማስመሰል የፈጠረው ውሸት ነው» ብሎ በገዛ ገጸ ባሕርዩ ላይ አላከከ! ውሸቱም ቀለበቱ ባለቤቱን እንደሚያበላሽ ማስረጃ ሆነለት።