የአሥር ማርክ ሸማ፦ የመጀመሪያ ዓመት ኤም.ቢ.ኤ. እና የተግባር ትምህርት

እንደሚታወቀው የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ የመጀመሪያ ዓመት በሒሳብ አያያዝ፣ በፋይናንስ፣ በማርኬቲንግና በመሳሰሉት ኮርሶች የተሞላ ነው። ሁሉም ያስፈልጋሉ፣ አልክድም። ይሁን እንጂ በዚያ ዓመት ከተማርኩት ሁሉ እስካሁን ከአእምሮዬ ያልጠፋው፣ አሥር ማርክ የሚያዝበት የመስክ ሥራ ተብሎ ወደ ሽሮ ሜዳ የተላክንበት ነው።

በቅድሚያ ስለ ዘዴው ጥቂት ልበል። እ.ኤ.አ. በ1908 የተቋቋመው የሃርቫርድ የቢዝነስ ትምህርት ቤት የሚታወቀው በኬዝ ዘዴ፣ ማለትም የአንድን ድርጅት ችግር ክፍል ውስጥ በማከራከር ነው። ይኸው ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 የአንደኛ ዓመት ተማሪዎቹን በቡድን ከፋፍሎ ከክፍል ውጪ የሚያሠራ ፊልድ የተባለ ኮርስ ጀመረ። ዴቪድ ኮልብ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው መጽሐፍ ከልምድ መማርን በአራት እርከን ያስቀምጠዋል፤ መሥራት፣ የሠሩትን መለስ ብሎ ማየት፣ ከዚያ ሐሳብ ማውጣት፣ ያንን ሐሳብ እንደገና መሞከር። ነገሩ ለእኛም አገር እንግዳ አይደለም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1957 ዓ.ም. በጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥተው ያገለግሉ ነበር፤ አብዛኞቹም በመምህርነት።

ወደ እኛው ልመለስ። ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ ሲወጡ፣ የአሜሪካን ኤምባሲ አለፍ እንዳሉ ያለው ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ መንደር ነው። ከመንገዱ ዳር ሱቆቹ ይታያሉ፤ ሸማኔዎቹ ግን ከጀርባ፣ በየጓሮው ናቸው። ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋማ ቦታዎች፣ ከዶርዜና ከጨንቻ አካባቢ የመጡ ወይም ከዚያ የመጡ ሰዎች ልጆች ናቸው። ቡድናችን አምስት ሰው ነበር። የደረሱን ሸማኔ እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ከትተው መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ እየላኩ፣ «ጠይቁኝ ልጆቼ፣ እጄ ነው እንጂ ሥራ የያዘው አፌ አልተያዘም» አሉን።

አራት ገጽ መጠይቅ ይዘን ነበር። «ወርሃዊ ትርፍዎ ስንት ነው?» ብለን ስንጠይቃቸው ሳቁ። ለካ ሒሳባቸው በወር አይደለም፣ በበዓል ነው! ለገና፣ ለጥምቀት፣ ለፋሲካ ይሠራሉ፤ በዐቢይ ጾም ሠርግ ስለማይደገስ ገበያው ይቀዘቅዛል። ማጉን በቀሰም የምታጠነጥነው ልጃቸው ናት፤ ባለቤታቸው ጫፉን ይቋጫሉ። የሁለቱ ድካም በየትኛውም ደብተር አልተጻፈም። እኛ ጻፍነው። አንድ የቀሚስ ጨርቅ ከነጥለቱ ስምንት ቀን ይፈጃል፤ የክሩን ዋጋና የሦስቱን ሰው ጉልበት ስንደምር ጨርቁን የምትረከባቸው ነጋዴ የምትከፍለው ዋጋ ከወጪው በታች ሆኖ ተገኘ።

እንግዲህ ግኝት አገኘን ብለን ደስ አለን። ምክራችንም አጭር ነበር፤ ለሌላ ሱቅ ይሽጡ። ሩብ ያህል አስበልጦ የሚገዛ ሱቅ ራሳችን ፈልገን አገኘንላቸው። ሁለት ጨርቅ ሸጡ። ሪፖርታችንን በታኅሣሥ መጀመሪያ አስገባን፤ ከአሥር ዘጠኝ አገኘን።

ከሳምንት በኋላ ፎቶ ለማንሳት ስንሄድ ጉድጓዱ ባዶ ነበር። ነጋዴዋ ሰምታ ኖሮ ክር መስጠት አቁማለች። ለካ ክሩን በዱቤ የምታቀርበው እሷ ናት፤ ዋጋውን ዝቅ የምታደርገውም ስለዚሁ ነው። እኛ ብዝበዛ ብለን የጻፍነው ልዩነት ከፊሉ የብድር ወለድ ነበር ማለት ነው። ማንቀሳቀሻ ገንዘብ የሚለውን ምዕራፍ እኮ ያጠናነው በዚያው ሴሚስተር ነው! መጠይቃችን ላይ ግን «ክሩን ከማን፣ በምን ሁኔታ ያገኛሉ?» የሚል ጥያቄ አልነበረም።

እኛው ሄደን ነጋዴዋን ይቅርታ ጠየቅን። ተቆጣች፣ ቆይታም አስረዳችን። እሷም ክሩን የምታመጣው ከመርካቶ በዱቤ ነው፤ ያልተሸጠ ጨርቅ የሚከመረውም እሷ ዘንድ ነው። በመጨረሻ ክሩን ሰጠች፤ ጥምቀት ግን ደርሶ ነበር። ሸማኔው በዚያ ዓመት ከወትሮው ሁለት ቀሚስ አጎደሉ። እኛን አልወቀሱንም። «ልጆች ናችሁ፣ ትማራላችሁ» ነበር ያሉን፤ ይህችን አነጋገር እስከ ዛሬ አልወዳትም።

እንግዲህ የኮልብን አራት እርከን ስመለከት እኛ የቆምነው የመጀመሪያው ላይ ነበር። ሠራን፣ ማርክ ተሰጠን፣ አለቀ። መለስ ብለን ያየነው በአጋጣሚ፣ ፎቶ ስለጎደለን ነው። ፎቶው ባይጎድል ኖሮ ዘጠኝ ማርካችንን ይዘን እንመረቅ ነበር፤ ሰውየውም ያለ ክር ይቀመጡ ነበር። በሌላ ቡድን ምክር ምን እንደደረሰ የጠየቀ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ስለዚህ ለክፍሉ መምህራን አንድ ሐሳብ አለኝ። ከአሥሩ ማርክ አምስቱ ለሁለተኛ ጉብኝት ይሁን፤ ጉብኝቱም በዐቢይ ጾም ይደረግ። በዚያን ጊዜ ሸማኔው ለመነጋገር ጊዜ አላቸው፤ ማን ለማን ስንት ዕዳ እንዳለበትም በገበያ ሰሞን ከሚታየው ይበልጥ ያኔ ይታያል። ተማሪው ምክር ከሰጠም ምክሩ ምን እንዳደረሰ ይጻፍ። መጠይቁም ከአራት ገጽ ወደ አንድ ይውረድ፤ የክሩ ጥያቄ ግን አይቅር።