ድቡ በዝቷል፤ ታዲያ ይገደል?

እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካዋ ዋዮሚንግ ግዛት እስከ 22 ግሪዝሊ ድቦች እንዲታደኑ ፈቀደች። በግዛቲቱ እንዲህ ያለ አደን ከተካሄደ ከ40 ዓመት በላይ አልፎ ነበር። ፈቃዱ የሚሰጠው በዕጣ ስለሆነ 7,000 ገደማ ሰዎች ተመዘገቡ። አንዳንዶቹ ድብ የመግደል ሐሳብ እንኳ አልነበራቸውም። በቺምፓንዚ ጥናቷ ዓለም የሚያውቃት ጄን ጉዶል ከእነዚህ አንዷ ነበረች። የእነዚህ ሰዎች ዓላማ ዕጣው ከወጣላቸው ጠመንጃ ሳያነሱ የአደኑን ወቅት ማሳለፍ፣ በዚያም አንድ ድብ ማትረፍ ነበር። የዱር እንስሳት ፎቶ አንሺው ቶማስ ማንገልሰን ዕጣው ወጣለት። ይሁን እንጂ አደኑ ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው ፍርድ ቤት አገደው። ሴፕቴምበር 24 ቀን ደግሞ የፌዴራል ዳኛው ዳና ክሪስተንሰን ድቦቹን ወደ ሕግ ጥበቃ መለሷቸው።

ክርክሩ ግን አልተዘጋም። ለ50 ዓመት ያህል ሲያወዛግብ የኖረው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ተደባልቀው ስለሚነሱ ይመስለኛል። አንዱ የቆጠራ ጥያቄ ነው፤ ድቦቹ በቂ ሆነዋል ወይ? ሁለተኛው የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው፤ በቂ ቢሆኑስ፣ ለምን ተብሎ ነው የሚገደሉት?

ከ50,000 ወደ ጥቂት መቶዎች

በ19ኛው መቶ ዘመን መባቻ ከአላስካ ውጭ ባለው የአሜሪካ ምድር 50,000 ገደማ ግሪዝሊዎች ይኖሩ እንደነበር ይገመታል። ሰፋሪውና ከብት አርቢው ወደ ምዕራብ ሲገፉ ድቡን በጥይት፣ በወጥመድና በመርዝ ፈጁት። በ1975 የቀሩት ከ700 እስከ 800 ብቻ ነበሩ፤ የያዙትም ቦታ ከጥንቱ መኖሪያቸው 2 በመቶ ያህል ነበር። በታዋቂው የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክና በአካባቢው የነበሩት 136 እንደሚሆኑ ተገምቷል። በዚያው ዓመት ግሪዝሊ በ1973ቱ የዝርያዎች ጥበቃ ሕግ ከለላ ሥር ገባ፤ አደኑም እየተገታ ሄደ።

ጥበቃው ፍሬ አፍርቷል። ዛሬ በየሎውስቶንና አካባቢው የሚኖሩት ወደ 1,000 ይጠጋሉ። መንግሥት በ2007 «አገግመዋል» ብሎ ጥበቃውን አነሳ፤ በ2009 ፍርድ ቤት መለሰው። በ2017 እንደገና ተነሳ፤ በ2018 እንደገና ተመለሰ፤ በ2020 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የዳኛውን ውሳኔ አጸና። በጃንዋሪ 2025 የአሜሪካ የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት ጥበቃው እንዲቀጥል ሐሳብ አቀረበ። በዚህ ሁሉ ምልልስ ችሎት ፊት የቀረበው በዋናነት የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። ሕጉ ዝርያው ከመጥፋት ስጋት ወጥቷል ወይ ብሎ ይጠይቃል እንጂ፣ አንድን ድብ ለቆዳው መግደል ተገቢ ነው ወይ ብሎ አይጠይቅም።

ከቁጥሩ ጀርባ

የመጀመሪያው ጥያቄም ቢሆን እንደሚታሰበው ቀላል አይደለም። ሴት ግሪዝሊ የመጀመሪያዋን ልጅ የምትወልደው አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ሲሆናት ነው። ከዚያ በኋላም በአማካይ ሦስት ዓመት ያህል እያሳለፈች ትወልዳለች። በዚህ ምክንያት አንዲት እናት ስትሞት ቦታዋ ቶሎ አይተካም። የ«399» ታሪክ ይህን ያሳያል። በዚህ ቁጥር የምትታወቀው ድብ በ1996 ተወልዳ 18 ግልገሎች አፍርታለች፤ በ2020 በ24 ዓመቷ አራት ግልገሎች አስከትላ ከዋሻዋ ስትወጣ ብዙ ሰው ተደነቀ። በኦክቶበር 2024 ዋዮሚንግ ውስጥ መኪና ገጭቷት ሞተች። ይህ አደን በሌለበት ጊዜ የደረሰ ነው። የአደን ኮታ የሚጨመረው መኪና፣ ባቡርና ከከብት አርቢ ጋር የሚፈጠር ግጭት በሚያደርሱት ሞት ላይ መሆኑን ልብ ይሏል።

የስዊድን ተመራማሪዎች ደግሞ ሌላ ነገር አስተውለዋል። አንድ ትልቅ ወንድ ድብ ሲገደል ቦታውን የሚወርሰው እንግዳ ወንድ፣ እናቶቹ ፈጥነው ለእርግዝና እንዲዘጋጁ ግልገሎቻቸውን ሊገድል ይችላል። ስዊድን ግልገል ያላትን እናት ማደን ከልክላለች። ከዚህ የተነሳ ግልገሎቻቸውን በአንድ ዓመት ተኩል ፈንታ ሁለት ዓመት ተኩል የሚያቆዩ እናቶች እየበዙ መጡ፤ ልጅ ይዞ መቆየት ከጥይት ያድናልና። እንግዲህ አንድ ጥይት የሚነካው የተመታውን እንስሳ ብቻ አይደለም።

የአዳኞች ሙግት

አዳኞችን በጭካኔ ብቻ መክሰስ ፍትሕ አይደለም። በአሜሪካ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ከሚውለው ገንዘብ ጉልህ ድርሻ የሚመጣው ከእነሱ ኪስ ነው። ከ1937 ጀምሮ በጠመንጃና በጥይት ላይ የሚጣለው ኤክሳይዝ ታክስ ለዚሁ ሥራ ይውላል፤ የአደን ፈቃድ ክፍያም እንዲሁ። ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1887 ከጓደኞቹ ጋር የመሠረተው ቡን ኤንድ ክሮኬት ክለብ ለእንስሳው የማምለጥ ዕድል የሚተው አደን ብቻ ክብር እንዳለው ሲሰብክ ኖሯል። ሩዝቬልት ራሱ በ1902 ሚሲሲፒ ውስጥ ታስሮ የቀረበለትን ድብ አልተኩስም ብሏል። ይህ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ድቡ ክፉኛ ተጎድቶ ስለነበር ከሥቃይ እንዲገላገል ታዝዞ በቢላዋ መገደሉ ነው። የአዳኙ ክብር ተጠበቀ፤ ድቡ ግን አልተረፈም።

የአዳኞች ሥርዓት ስለ አዳኙ ጨዋነት ብዙ ይናገራል፤ ከእንስሳው ሕይወት በላይ የሆነ ምክንያት መኖሩን ግን አያሳይም። በእኛም አገር አንበሳ የገደለ ጀግና ይፎከርለት፣ የአንበሳ ጎፈር ይደፋ ነበር። የክብሩ መሠረት በጦርና በጋሻ የገጠመው ሰው ሕይወቱን አስይዞ መግባቱ፣ ለመንደሩም እፎይታ ማምጣቱ ነበር። ዛሬ መነጽር በተገጠመለት ጠመንጃ ከሩቅ አልሞ ለሚተኩስ ሰው፣ የሚያሰጋውም መንደር ለሌለው ሰው፣ ያ ክብር በምን ምክንያት ይገባዋል?

ሕዝብ ሲጠየቅ

በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ 15,000 ገደማ ግሪዝሊዎች ይኖራሉ፤ በየዓመቱም 250 ገደማ ይታደኑ ነበር። በ2017 መንግሥት በመጀመሪያ ለሥጋ ማደንን ፈቅዶ ለጌጥና ለዝና የሚደረገውን ብቻ ሊከለክል አሰበ። አብዛኛው አስተያየት ሰጪ ይህን ሳይቀበል ስለቀረ በዲሴምበር አደኑ በጠቅላላ ተከለከለ። ለምግብና ለባህላዊ ሥርዓት የሚያድኑ የአገሬው ነባር ሕዝቦች ግን መብታቸው ተጠበቀ። እዚያ የተወሰነው ድቦቹ ስላነሱ ሳይሆን፣ ለግድያው የቀረበው ምክንያት ሕዝቡን ስላላሳመነው ነው።

ኮሎራዶ በ1992 በሕዝብ ድምፅ ድብን በማባበያ ምግብና በውሾች ማደንን፣ እንዲሁም እናቶች ግልገል በሚያጠቡበት በጸደይ ማደንን ከለከለች። በ2024 የተራራ አንበሳን አደን የሚከለክል ሐሳብ ቀርቦ ግን አብዛኛው መራጭ ውድቅ አደረገው። በዴንቨርና በአውሮራ ለሚኖሩት በርካታ ኢትዮጵያውያን አሜሪካውያን ይህ የሩቅ ወሬ አልነበረም፤ በድምፅ መስጫ ወረቀታቸው ላይ የተጻፈ ጥያቄ ነበር።

ሸክሙ የማን ነው?

የከተማ ሰው ድቡን በፎቶ ይወደዋል፤ ጥጃው የተበላበት ግን የሞንታና ወይም የዋዮሚንግ አርቢ ነው። ለዚህ ሰው መፍትሔ አለ፤ የኤሌክትሪክ አጥር፣ ድብ የማይከፍተው የቆሻሻ ማጠራቀሚያ፣ የበርበሬ መርጫ፣ ለጠፋው ከብት ካሳ። ሁሉም ገንዘብ ይጠይቃል። አደን ይቁም የሚል ሰው ይህን ወጪ አብሮ ሊሸከም ይገባዋል፤ አለዚያ ሙግቱ በሌላ ሰው ኪስ የሚደረግ ልግስና ይሆናል። የአዳኞች ገንዘብ የሚተወውን ክፍተት መሙላትም የዚሁ ግዴታ አካል ነው።

እንዲያም ሆኖ ሰው ላይ የመጣን ድብ መግደል፣ አጥርና ማባረር አልበቃ ሲሉ ከብት የለመደን ድብ ማስወገድ፣ ለምግብ ማደንም ምክንያት አላቸው። ለግድግዳ ጌጥና ለዝና መግደል ግን ድቡ አንድም ይሁን አሥር ሺህ በቂ ምክንያት የለውም። ቁጥሩ የሚነግረን ዝርያው መትረፉን ነው። በዚህ መሬት ላይ ከሰው ቀድሞ የኖረን፣ ግልገሉን ለዓመታት የሚያሳድግን ፍጥረት የመግደል መብት ግን ከቆጠራ ሠንጠረዥ አይገኝም። የግሪዝሊ ጥበቃ አንድ ቀን ቢነሳ እንኳ፣ ማስረዳት ያለበት ጠመንጃ የሚያነሳው ሰው ነው።