የቤት ቪዲዮን አሮጌ ፊልም የማስመሰል ጥበብና ልኩ

አዲስ ቪዲዮን በኤዲቲንግ ሶፍትዌር አሮጌ ፊልም ማስመሰል ማለት፣ በስልክ ወይም በዲጂታል ካሜራ የተቀረጸን ጥርት ያለ ምስል የድሮ ፊልም ከባሕርዩና ከዕድሜው የተነሣ ያሉበትን ጉድለቶች፣ ማለትም ቅንጣቱን፣ ጭረቱን፣ ብልጭታውንና የቀለሙን መወየብ ሆን ብሎ ማልበስ ነው። በምዕራብ ጎጃም በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባሉ የገጠር ቀበሌዎች የሚደረግን ሰርግ ወይም ክርስትና በዚህ መልክ ለማቅረብ ዛሬ ካፕከት የተጫነበት አንድ ስልክ ይበቃል፤ ሆኖም እንዲህ ያለው መተግበሪያ ብዙ ጊዜ ጉድለቶቹን በአንድ ንክኪ አብሮ ስለሚጭን ምስሉን ያረጀ ሳይሆን የቆሸሸ ሊያስመስለው ይችላል። ፕሪሚየር ፕሮና ዳቪንቺ ሪዞልቭን የመሰሉ የኮምፒውተር ሶፍትዌሮች ግን እያንዳንዱን ጉድለት ለየብቻው ለመመጠን ያስችላሉ።

ለመመጠን ደግሞ ጉድለቱ ከየት እንደመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። ፊልም ብርሃን ሲነካው የሚለወጥ የብር ውሑድ የተቀባበት ስስ ጥቅል ሲሆን፣ የብሩ ደቃቅ ቅንጣቶች በየፍሬሙ፣ ማለትም በየነጠላው ሥዕል፣ በተለያየ ቦታ የተበተኑ ስለሆኑ ፊልሙ ሲሮጥ የሚርመሰመሱ ይመስላል። ፊልሙ ጠባብ ሲሆን ምስሉ በመጋረጃው ላይ ይበልጥ ስለሚለጠጥ ቅንጣቱም አብሮ ይጎላል። ዳይሬክተር ኃይሌ ገሪማ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም የሠሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የኢትዮጵያን ገበሬና ማሳውን በዚህ ዐይነት ቅንጣት ያሳያልና፣ የጎጃምን ገጠር ለማስረጀት ለሚነሣ ባለሙያ ከየትኛውም የውጭ አገር ፊልም የተሻለ መመሪያ ነው። አቧራም ቢሆን የራሱ ሕግ አለው፤ በሚታየው ቅጂ ላይ ያረፈ ብናኝ ብርሃን ስለሚከልል ጥቁር ሆኖ ሲታይ፣ ቅጂው በተባዛበት ኔጋቲቭ ላይ ያረፈው ግን ነጭ ሆኖ ይወጣል።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ቀለም ነው። በድምፅ አልባው ሲኒማ ዘመን በስፋት ይሠራበት የነበረው ኦርቶክሮማቲክ የተባለው ፊልም ሰማያዊና አረንጓዴ ብርሃንን እንጂ ቀይን አይቀበልም ነበር፤ ስለሆነም በቡሬ ግቢ የተሰጣ ቀይ በርበሬ በዚያ ፊልም ቢነሣ እንደ ከሰል ይጠቁር፣ ሰማዩ ደግሞ ነጥቶ ከነጭ ነጠላ ጋር ይመሳሰል ነበር። ይህንን መልክ ለማግኘት ቪዲዮው ወደ ጥቁርና ነጭ ሲቀየር የቀዩን መጠን መቀነስና የሰማያዊውን መጨመር ይበቃል፤ ነገር ግን የጠይም ፊት ብርሃን በአብዛኛው የሚገኘው ከቀዩ ወገን በመሆኑ፣ ለውጡ በጅምላ ከተደረገ የሙሽራይቱ ፊት ይጨልምና ገጽታዋ ይጠፋል። ስለዚህ ፊቱን ከቀረው ምስል ለይቶ ለብቻው ማብራት ይገባል፤ የሰውን መልክ የሚያጠፋ ጌጥ ጌጥ አይደለምና። የቀለም ፊልም እርጅና ደግሞ ሌላ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ እስከ 1970ዎቹ በታተሙ ብዙ ቅጂዎች ላይ ቀድሞ የሚደበዝዘው አረንጓዴ-ሰማያዊው ቀለም ስለሆነ፣ የሚቀረው ምስል ወደ ቀይ ያደላል።

ፍጥነትም ይቆጠራል። ኮዳክ እ.ኤ.አ. በ1965 ለቤተሰብ ያቀረበው ሱፐር 8 የተባለው ፊልም በሰከንድ 18 ፍሬም ሲቀርጽ፣ ብዙ ስልኮች 30 ይቀርጻሉ። ለምሳሌ በሰከንድ 18 ፍሬም የተቀረጸ በ24 ሲታይ እንቅስቃሴው በሲሶ ይፈጥናል፤ የድሮ ሰዎች በፊልም የሚጣደፉ የሚመስሉትም ከዚህ የተነሣ ነው። ይህ ግን በእስክስታ ላይ መሞከር የለበትም፤ ትከሻው ከከበሮው ይለያያልና።

ሱፐር 8 በዋናነት የአሜሪካና የአውሮፓ ቤተሰቦች ማስታወሻ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። በምዕራብ ጎጃም የብዙው ቤተሰብ ትዝታ የተቀመጠው በፎቶ ቤት በተነሣ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ፣ ኋላም በቪኤችኤስ ካሴት ነው፤ ስለዚህ የወላጆቹን ዘመን ማሰብ የሚፈልግ ሰው የፊልም ጭረት ከሚያበዛ ይልቅ የካሴቱን ወደ ጎን የሚፈስ ቀለም፣ ከታች የሚንቀጠቀጠውን መስመርና ባለ 4 በ3 ክፈፉን ቢያስመስል ወደ እውነቱ ይቀርባል።

እውነት የተባለውም ያለ ምክንያት አይደለም። ዘንድሮ በጥምቀት ዕለት የተቀረጸ የፈረሰኞች ትዕይንት፣ ቅንጣትና ጭረት ለብሶ ያለ ቀን ከተቀመጠ፣ ከአንድ ትውልድ በኋላ የጣሊያን ጦር ቡሬን ለቆ የወጣበት የ1933 ዓ.ም. ማስረጃ ተደርጎ ሊወሰድ ይችላል። ስለዚህ ቪዲዮ የሚያስረጅ ሁሉ ዋናውን ቅጂ ሳይነካ ለብቻው ያስቀምጥ፤ በተሠራውም መጨረሻ የተቀረጸበትን ቀንና ቦታ ይጻፍ። በቤቱ የቪኤችኤስ ካሴት ያለው ደግሞ በካሴቱ ላይ ያለው ማግኔታዊ ቅብ በጊዜ ብዛት ስለሚበላሽ፣ አዲሱን ከማስረጀቱ በፊት አሮጌውን ወደ ዲጂታል ያስገልብጥ።