ቋንጣው ለምን ይወሰዳል? ምግብ ይዞ ወደ አሜሪካ ለሚሄድ መንገደኛ

ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ወደ አሜሪካ የሚሄዱ እናቶችና አባቶች ባዶ እጃቸውን አይሄዱም። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ ቅቤ፣ ቋንጣ... ሻንጣው ኪሎው እስኪሞላ ይታጨቃል። ጣጣው የሚመጣው አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላ ነው። አንዷ ቋንጣዋን ብቻ አስረክባ ትወጣለች፤ ሌላዋ ቋንጣዋንም ብሯንም ታጣለች። ልዩነቱ «ምግብ ይዣለሁ» ብሎ መናገርና አለመናገር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወደ አሜሪካ የሚገባ ሰው የያዘውን ምግብ፣ ዘር፣ ተክልና የእንስሳት ተዋጽኦ በሙሉ ማሳወቅ አለበት፤ የተፈቀደውንም ጭምር። አሳውቃችሁ የተከለከለ ነገር ቢገኝ ዕቃው ይወሰዳል እንጂ አትቀጡም። ሳትናገሩ ከተገኘባችሁ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ጥፋት፣ ለቤት ፍጆታ ለተያዘ ትንሽ ነገር እንኳ እስከ 1,000 ዶላር ሊያስቀጣ ይችላል። ሻንጣ የሚያሸቱ የሰለጠኑ ውሾችም አሉ።

ስጋ ላይ ይህን ያህል የሚጠብቁት ወደው አይደለም። እኛ አገር ያለው የከብቶች በሽታ አፍተግር አሜሪካ ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1929 እ.ኤ.አ. ነው። እንግሊዝ በ2001 በዚሁ በሽታ ከ6 ሚሊዮን በላይ እንስሳት አስወግዳለች። የተጠረጠረው መነሻ ደግሞ በሕገወጥ መንገድ የገባ ስጋ ነበር፤ ትራፊው ሳይቀቀል ለአሳማ ተሰጥቶ።

ታዲያ ምን ይያዝ፣ ምን ይቅር?

👉 ቋንጣና ስጋ የገባበት ማንኛውም ነገር (ቦዘና ሽሮም ቢሆን) ይቅር።

👉 በርበሬ፣ የሽሮ ዱቄት፣ እንጀራ፣ ድርቆሽ፣ የተቆላ ቡና አብዛኛውን ጊዜ ያልፋሉ። ጥሬ ቡናም ወደ ሃዋይና ፖርቶ ሪኮ ካልሆነ ይፈቀዳል።

👉 ቅቤ ከያዛችሁ ለይታችሁ ተናገሩ፤ ውሳኔው የተቆጣጣሪው ነው።

👉 ትኩስ ፍራፍሬ፣ እርጥብ ጤና አዳም፣ ለመትከል የታሰበ ዘር ያለ ፈቃድ አትያዙ።

👉 ጫት እርጥብም ሆነ ደረቅ አይሞከርም። ውስጡ ያለው ካቲኖን በአሜሪካ ሕግ ከከባድ አደንዛዥ ዕፆች ተርታ የተመደበ ነው። ይሄ የገንዘብ ቅጣት ብቻ ሳይሆን የወንጀል ጉዳይ ነው።

እዚህ ላይ የአደራ ዕቃ ነገር ይመጣል። «ለእህቴ አድርሽልኝ፣ ሻይ ቅጠል ነው» ተብሎ የታሸገ ፌስታል ሲሰጣችሁ ይሉኝታ አይያዛችሁ። ሻንጣው በስማችሁ ነውና ተጠያቂዎቹ እናንተ ናችሁ። ሰጪው ፊት ፈታችሁ እዩት፤ አይፈታም ካለ አትቀበሉ።

አሜሪካ ያላችሁ ልጆችም አንድ ሥራ አላችሁ። እናታችሁ ከመነሳታቸው በፊት ምን ምን እንደያዙ ጠይቁና በእንግሊዝኛ ዘርዝራችሁ በስልካቸው ላኩላቸው፤ ወረቀት ላይ ተጽፎ ፓስፖርታቸው ውስጥ ቢቀመጥ ደግሞ የተሻለ ነው። ተቆጣጣሪው ሲጠይቃቸው ቋንቋው ባይገባቸውም ወረቀቱን ማሳየት ይችላሉ።

በቅርቡ ለሚጓዝ ሰው ሼር አድርጉለት።