ያልተሸጠ አልጋ ለነገ አያድርም
የሆቴልና የቱሪዝም ኢንዱስትሪያችን ወዴት እያመራ ነው?

ስለ አገራችን ቱሪዝም በተነሳ ቁጥር ውይይታችን ቅርስ በመቁጠር ይጀምርና አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ያበቃል። በእርግጥ የሚቆጠረው ብዙ ነው። ላሊበላና የሰሜን ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈሩ ወዲህ ሌሎችም ተከትለው፣ በ2024 መልካ ቁንጥሬ ሲጨመር ቁጥሩ 12 ደርሷል። ይሁን እንጂ ቅርስ መኖሩ ብቻውን ሆቴል አያቆምም። እኔ በሙያዬ የኤሌክትሪክ ኃይል መሐንዲስ ነኝ፤ ጉዳዩን በማውቀው በኩል ላስረዳ፣ የቱሪዝም ባለሙያዎች ደግሞ የጎደለውን ይሙሉበት።

የቆቃ ግድብ የክረምቱን ውሃ አጠራቅሞ ለበጋ ያቆያል። ሆቴል ግን ማጠራቀሚያ የለውም። ዛሬ ማታ ያልተከራየ አልጋ ነገ ሁለት ጊዜ አይከራይም፤ ገቢው ለዘለዓለም ጠፍቷል ማለት ነው። ለምሳሌ ያህል 100 ክፍል ያለውን አንድ ሆቴል እንውሰድ። በዓመት የሚሸጠው 36,500 አዳር አለው። በአማካይ 30 ክፍል ብቻ ከተያዘለት 25,550 አዳር ባክኗል። የባንክ ወለድ፣ የጥበቃና የሠራተኛ ደመወዝ፣ የጄኔሬተር ነዳጅ ግን እንግዳ ቀረ ብለው አብረው አይቀሩም። ስለዚህ የሆቴል ሕልውና የሚወሰነው በገና ሰሞን በመሙላቱ ሳይሆን በሐምሌ ባዶ ባለመሆኑ ነው።

በዚህ ሚዛን ሲታይ አዲስ አበባና የተቀረው አገር ሁለት የተለያዩ ገበያዎች ናቸው። በመዲናይቱ የአፍሪካ ኅብረት አለ፣ ኢሲኤ አለ፣ ዓመቱን ሙሉ ስብሰባ አለ። ከሁሉም በላይ አየር መንገዱ በቦሌ በኩል የሚያሳልፈው መንገደኛ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 በ373 ክፍሎች ሥራ የጀመረው የአየር መንገዱ ስካይላይት ሆቴል በ2022 ወደ 1,024 ክፍሎች ያደገው ያለ ምክንያት አይደለም። በእኛ ሙያ ቋንቋ እነዚህ እንግዶች ቀንና ሌሊት የማይቋረጥ መሠረታዊ ጭነት ናቸው። መንግሥትም ከ2020 ጀምሮ በጎርጎራ፣ በወንጪና በኮይሻ አዳዲስ መዝናኛዎችን ሠርቷል። መገንባቱ ባልከፋ፤ ጥያቄው ግን ክፍል አነሰን ወይስ እንግዳ ነው።

ላሊበላን እንይ። የከተማዋ ሆቴሎች በአብዛኛው የሚኖሩት በጫፍ ጭነት፣ ማለትም ከመስከረም መጨረሻ በኋላ በሚመጣው የውጭ ጎብኚ፣ በገናና በጥምቀት ነው። ለገና የሚጎርፈው ምእመን እጅግ ብዙ ቢሆንም አብዛኛው በድንኳንና በሜዳ ስለሚያድር ሆቴሉን አይሞላም። በ2020 ኮቪድ መጣ፤ በዚያው ዓመት ጦርነቱ ተጀመረ፤ በ2021 ከተማዋ ከእጅ ወደ እጅ ተቀያየረች። የፕሪቶሪያው ስምምነት በኅዳር 2022 ተፈርሞ ተስፋ ሲለመልም፣ በነሐሴ 2023 በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት በረራው ተቋረጠ። በረራው በኋላ ቢቀጥልም፣ አስጎብኚ ድርጅቶች ፕሮግራማቸውን የሚያወጡት ከዓመት በፊት በመሆኑ የአንድ ሳምንት ተኩስ የአንድ ዓመት እንግዳ ይዞ ይሄዳል። ለዚህ ዋጋ የሚከፍለው ባለ ሆቴሉ ብቻ አይደለም፤ በቅሎ አከራዩ፣ አስጎብኚው፣ እንቁላል አቅራቢዋ ገበሬ ጭምር ናቸው።

ታዲያ እኛ በውጭ የምንኖረው ምን አገባን? በእኔ እምነት ብዙ። ልጆች ያሉን ወደ አገር የምንገባው ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ማለትም በሐምሌና በነሐሴ ነው። ይህ ፈረንጁ ዝናቡን ፈርቶ የሚቀርበት፣ የክፍለ ሀገር ሆቴሎች ባዶ የሚሆኑበት ወቅት ነው። ክፍተቱን ለመሙላት ከእኛ የተሻለ የተመቸ እንግዳ የለም። በጥር 2022 በመንግሥት ጥሪ ብዙ ወገን ለገና ገብቷል፤ ሆኖም የአንድ ሰሞን ግርግር የጫፍ ጭነትን ይጨምራል እንጂ መሠረቱን አያሰፋም። የሚያሰፋው በየዓመቱ ከምናሳልፈው የአዲስ አበባ ሰርግና ግብዣ ላይ ሦስት ሌሊት ቀንሶ ለባሕር ዳር፣ ለሐረር፣ ለአርባ ምንጭ መስጠት ነው። ባለ ሆቴሉን በቀጥታ ስልክ ደውሎ መያዝም ለውጭ ኩባንያ የሚሄደውን ኮሚሽን ያስቀራል።

ይህን ስል መንገዱ ባልተከፈተበት ሂዱ ማለቴ አይደለም። ቤተሰቡን ይዞ አደጋ ውስጥ የሚገባ አይኖርም፤ መግባትም የለበትም። ለዚህም ነው የቱሪዝም ፖሊሲ ከሰላም ፖሊሲ ተለይቶ ሊጻፍ አይችልም የምለው። መስመሩ በየጊዜው የሚቆረጥ የኃይል ማመንጫ ተርባይን ቢጨመርለት ብርሃን አይሰጥም። ሰላም ከወረደ ደንበኛው እኛው አለን፤ ካልወረደ ግን የምንሠራው ሁሉ የሚያምር ባዶ ክፍል ይሆናል።

ቸር ይግጠመን።